ሞሮዊንድ፦ መንገድ እየጠየቁ የሚጓዙበት የኮምፒውተር ጨዋታ ከ20 ዓመታት በኋላም ለምን አልተረሳም?

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2002 ለገበያ የቀረበ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቹን እስረኛ አድርጎ በመርከብ ያመጣዋል። ወደብ ላይ ያወርደዋል፣ ማንነቱን ይመዘግባል፣ የታሸገ ጥቅል ያስይዘውና ያሰናብተዋል። ጥቅሉን ባልሞራ በምትባል ከተማ ለሚኖር ኬየስ ኮሳዲስ ለተባለ ሰው ማድረስ ይኖርበታል። ከተማዋ በየት በኩል እንደሆነች የሚያመለክት ቀስት የለም፤ ካርታው ላይም ቦታውን የሚጠቁም የሚበራ ምልክት አይታይም። ያለው በወረቀት የሰፈረ ወይም ከአላፊ አግዳሚው የሚጠየቅ አቅጣጫ ነው።

ጨዋታው ሞሮዊንድ ይባላል። ‘ዘ ኤልደር ስክሮልስ’ በሚል የጋራ ርዕስ ከሚታወቁት የምናባዊ ዓለም ጨዋታዎች ሦስተኛው ሲሆን፣ የሠራው ቤተስዳ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሱ በኋላ የወጡት የዚያው ተከታታይ ጨዋታዎች በሽያጭም በዝናም በልጠውታል። ቢሆንም በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው ሞሮዊንድን የተጫወቱ ሰዎች ስለእርሱ ሲያወሩ፣ አንድ ወቅት ኖረውበት ስለለቀቁት አገር የሚያወሩ ይመስላል። ማን እንዳሸነፉ ከመናገራቸው በፊት የት እንደጠፉ ይናገራሉ።

ለዚህ ትዝታ መነሻ የሆነው ምንድን ነው? መልሱ በአብዛኛው ጨዋታው ለተጫዋቹ ከነፈገው ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

የሚያጡት ያልነበራቸው ሠሪዎች

ቤተስዳ በ1986 በክሪስቶፈር ዊቨር የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ከምትገኘው የትውልድ ከተማው ነው። ከተማዋ ደግሞ ስሟን የወረሰችው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የስሙ ምንጭ በዮሐንስ ወንጌል የአማርኛ ትርጉም ‘ቤተ ሳይዳ’ ተብላ የተጠቀሰችው መጠመቂያ ናት። ኩባንያው በኋላ ወደ ሮክቪል ተዛወረ። ሮክቪል ያለችበት የሞንትጎመሪ አውራጃ ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያካትት፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት አካባቢ ነው። በአማርኛ የተጻፉ የምግብ ቤት ማስታወቂያዎች ከሚታዩባቸው የሲልቨር ስፕሪንግ ጎዳናዎች ጨዋታው እስከተሠራባት ከተማ ያለው ርቀት በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

የተከታታዩ የመጀመሪያ ጨዋታ አሬና በ1994፣ ሁለተኛው ዳገርፎል በ1996 ወጡ። ዳገርፎል ታላቋ ብሪታኒያን የሚያህል ስፋት እንዳለው በሠሪዎቹ ይነገርለት ነበር፤ አብዛኛው መሬቱና ከተማው ግን በኮምፒውተር ስሌት የተፈለፈለ በመሆኑ አንዱ መንደር ከሌላው አይለይም ነበር። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ያወጣቸው ባትልስፓየር (1997) እና ሬድጋርድ (1998) በገበያ አልተሳካላቸውም። ቤተስዳም ለመዘጋት ተቃረበ። በ1999 ዜኒማክስ በተባለ አዲስ ኩባንያ ሥር ገብቶ ለመቀጠል ዕድል አገኘ።

ሞሮዊንድ የተሠራው በዚህ ወቅት ነው። የሥራው መሪ ቶድ ሃዋርድ ከዓመታት በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች እንዳስረዳው፣ ቡድኑ ከዚህ በላይ ሊደርስብን የሚችል ነገር የለም በሚል ስሜት ይሠራ ነበር። በዋና ዲዛይነርነት የሠራው ኬን ሮልስተን ደግሞ ከኮምፒውተር በፊት በጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀትና በዳይ የሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎችን ሲጽፍ የኖረ ሰው ነበር። በዚህ ዘርፍ ያኔ የለመደው ዓለም አረንጓዴ ደን፣ የድንጋይ ግንብና ዘንዶ ነበር። እነዚህ ሠሪዎች ያንን ትተው በመካከሉ እሳተ ገሞራ ያለበት፣ አመድ የሚነፍስበት ቫርደንፌል የተባለ ደሴት ፈጠሩ። መሬቱንም እንደ ዳገርፎል ለስሌት አልተዉትም፤ እያንዳንዱ ድንጋይና እያንዳንዱ ማሰሮ በሰው እጅ ተቀመጠ።

ሰዎቹ ከማዕድን ጉድጓድ የግዙፍ ነፍሳት እንቁላል እያወጡ ይበላሉ፤ ይሸጣሉም። በአንዲት ከተማ ባለሥልጣናቱ የሚኖሩት በአንድ ጥንታዊ ግዙፍ ሸርጣን ቅርፊት ውስጥ ነው። የቴልቫኒ ወገን ጠንቋዮች መኖሪያ እንደ ግንብ የበቀለ እንጉዳይ ሲሆን ደረጃ የለውም፤ ወደ ላይ በአስማት መንሳፈፍ የማይችል እንግዳ ምን ጉዳይ ኖሮት ይመጣል ብለው ያስባሉና። የሕዝብ ማመላለሻው ሲልት ስትራይደር የሚሉት፣ እግሩ ከቤት ጣሪያ የሚረዝም ነፍሳት ነው። ጀርባው ተቦርቡሮ መቀመጫ ተሠርቶለታል፤ ነጂው የተጋለጠ የውስጥ አካሉን እየነካካ ይመራዋል። ምስኪኑ ፍጡር በየከተማው ዳር ቆሞ የሚያሰማው የረዘመ የኀዘን ድምፅ፣ ከጄረሚ ሶውል የመክፈቻ ሙዚቃ ጋር፣ ተጫዋቾች ዛሬም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚለዩት ነው።

‘ከድልድዩ ማዶ፣ ወደ ሰሜን’

ኬየስ ኮሳዲስ የንጉሠ ነገሥቱ የስለላ መረብ ኃላፊ ነው፤ ሲያዩት ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚኖር፣ ሸሚዝ ያላጠለቀ፣ ሱስ ያጠቃው ሽማግሌ ነው። ተጫዋቹ እርሱን አፈላልጎ ጥቅሉን ሲያስረክብ፣ ሽማግሌው ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶት ገና ልምድ እንደሌለው ይነግረዋል። ሂድና ሥራ ፈልግ፣ ከአገሩ ሰው ጋር ተዋወቅ፣ ከዚያ ተመለስ ይለዋል። አንድ ጨዋታ ዋናውን ታሪክ ጀምሮ ወዲያው ተጫዋቹን ‘ቆይ’ ብሎ ማሰናበቱ ዛሬም ድፍረት ነው። ብዙዎች በዚያው ወጥተው ሳምንታት ይቆያሉ፤ አንዳንዶች ጨርሶ አይመለሱም።

ከተመለሱ በኋላ የሚሰጣቸው የመጀመሪያ ሥራ አርክንግታንድ ከተባለ የጠፋ ሕዝብ ፍርስራሽ አንዲት ትንሽ የብረት ሣጥን ማምጣት ነው። ወዴት እንደሚሄዱ የሚነገራቸው በቃል ነው፤ ከተማዋን ለቀህ ወደዚህ ታጠፍ፣ አሮጌውን ድልድይ ተሻገር፣ ከዚያ ዳገቱን ውጣ የሚል። ንግግሩ በማስታወሻ ደብተሩ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ድልድዩን ራሱ መለየት፣ የመንገድ ምልክቱን ቀርቦ ማንበብ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደወጣች ማየት አለበት። አንዳንዴ የተነገረው አቅጣጫ ራሱ ልክ አይደለም። ገጠር ውስጥ ‘እዚህች ጋ ናት’ ተብሎ ግማሽ ቀን በእግሩ የተጓዘ ሰው ሁኔታውን ለመረዳት አይቸገርም።

መንገድ ማወቅ በዚህ ዓለም ከጉልበት እኩል ሀብት ነው። በካርታ ላይ ጣትን አሳርፎ ወደፈለጉበት መዝለል አይቻልም። ሲልት ስትራይደሩ የተወሰኑ ከተሞችን ብቻ ያገናኛል፤ ጀልባው ሌሎቹን፤ የአስማተኞች ማኅበር አባላት ደግሞ በክፍያ ከአንዱ ቢሯቸው ወደ ሌላው ያሸጋግራሉ። የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚያውቅ ሰው የአውቶቡስ መስመሮችን በቃሉ እንደያዘ የከተማ ነዋሪ ነው።

የቫርደንፌል ስፋት ቀጥሎ ከወጣው ኦብሊቪየን ካርታ ያነሰ ነው። ተጫዋቾች ግን ሞሮዊንድ እንደሚሰፋ ይምላሉ። ምክንያቱ ከተንኮል የራቀ ነው፦ የዘመኑ ኮምፒውተር ሩቅ ማሳየት ስለማይችል አድማሱ በጉም ይሸፈናል፤ ጀማሪው ተጓዥ እርምጃው ዘገምተኛ ነው፤ ሸለቆው እየተጠማዘዘ ቀጥታ መሄድን ይከለክላል። ቅርብ ያለው ሁሉ ሩቅ ይሆናል። የመሣሪያው ድክመት ደሴቷን አገር አድርጓታል።

አንድ ጦርነት፣ ብዙ ተራኪ

ሞሮዊንድን ከእኩዮቹ የሚለየው ሌላው ነገር ታሪክን የያዘበት መንገድ ነው። ይህ ጸሐፊ በተለይ የሚወደውም ይህንን ክፍል ነው።

ደሴቷ የዳንመር፣ ማለትም የጥቁር ኤልፎች አገር ናት። አንድ ሰፊ ግዛት በስምምነት ሥር አድርጓታል፤ ምሽጎቹን ሠርቷል፣ ቀረጥ ይሰበስባል። አገሬው በታላላቅ ቤቶች ተከፋፍሎ ይሻኮታል። ባርነት በአካባቢው ሕጋዊ ነው፤ ባሪያዎችን በምስጢር የሚያስመልጡ ሰዎችም አሉ። ሕዝቡ የሚያመልካቸው ሦስት በሕይወት ያሉ አማልክት ሲኖሩ፣ ከእነርሱ አንዱ ቪቬክ በስሙ በተጠራው ከተማ ይኖራል፤ ተጫዋቹም ዘግይቶ ፊት ለፊት ያገኘዋል። በአመዱ ምድር በድንኳን የሚኖሩት አሽላንደሮች ግን እነዚህን አማልክት ከሃዲዎች ይሏቸዋል።

የጠቡ ሥር ከሺህ ዓመታት በፊት በቀይ ተራራ ላይ የተደረገ ጦርነት ነው። በዚያ ቀን ኔሬቫር የተባለው መሪ ሞተ፤ ድዌመር የተሰኘው ጥበበኛ ሕዝብም በአንድ ጊዜ ከምድር ጠፋ። ቤተ መቅደሱ ኔሬቫር በጦርነቱ በደረሰበት ቁስል እንደሞተ ያስተምራል። አሽላንደሮች የገደሉት የገዛ አማካሪዎቹ እንደሆኑና እነርሱም ኋላ አማልክት እንደተባሉ ከአባቶቻቸው ተቀብለው ይናገራሉ። ከቤተ መቅደሱ የተገነጠሉ ካህናት በተከለከለ መጽሐፍ ሦስተኛ ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ለዚህም ይታደናሉ። ቪቬክ ራሱ ሲጠየቅ የራሱን ትረካ ይሰጣል። ጨዋታው እስከ ፍጻሜው ድረስ ከእነዚህ ማንኛውን ትክክል ነው ብሎ አይፈርድም።

በጨዋታው ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉ፤ ተከፍተው የሚነበቡ፣ ደራሲ ያላቸው፣ ደራሲዎቹም ወገን ያላቸው። ተጫዋቹ ‘የኔሬቫር ዳግም ልደት ነህ’ ተብሎ በትንቢት ሲነገረው እንኳ፣ ያንን ትንቢት የሚገፋው ንጉሠ ነገሥቱ ለፖለቲካ ጥቅሙ እንደሆነ ከጅምሩ ያውቃል። በእርግጥ የተመረጠ ነው ወይስ ለሥራው የተመቸ እስረኛ? ስለ አንድ ጦርነት ሦስት ዓይነት ታሪክ እየሰማ ያደገ የምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ይህን ጥያቄ ለመረዳት መግቢያ አያስፈልገውም።

ከሰማይ የወደቀው ሰው

ከመነሻው መንደር ሰይዳ ኒን ጥቂት እንደወጡ የአንድ ሰው ጩኸት ይሰማል፤ ወዲያውም ሰውዬው ከሰማይ ወድቆ ይሞታል። ኪሱ ሲፈተሽ የመዝለል ኃይልን ያለ ልክ የሚጨምሩ ጥቅልሎችና ሙከራውን የሚያብራራ ማስታወሻ ይገኛሉ። ጥቅልሉን የሚያነብ ተጫዋች ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ደሴቲቱን አቋርጦም ይበርራል። መውረጃውን ያላሰበ ከሆነ መጨረሻው እንደ ባለቤቱ ነው። ሞሮዊንድን የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

ቀልዱ የጨዋታውን ጠባይ ያሳያል፦ ከገደል አፋፍ የሚመልስ አጥር የለውም። ለዋናው ታሪክ አስፈላጊ የሆነን ሰው መግደል ይቻላል። ያኔ የትንቢቱ ክር እንደተበጠሰ የሚገልጽ መልእክት ይመጣል፤ ወደ ቀድሞው መመለስ ወይም በጠፋው ዓለም መቀጠል የተጫዋቹ ፈንታ ነው። መድኃኒት ቅመማም እንዲሁ ነው፤ የማሰብ ኃይልን የሚጨምር መድኃኒት ጠጥቶ የተሻለ መድኃኒት የሚቀምም ሰው ያንኑ እየደጋገመ ከአማልክቱ በላይ ሊሆን ይችላል። ሠሪዎቹ ይህን ለመከልከል አልተጣደፉም።

ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ትዝታ ያለሰልሰዋል እንጂ። ሰይፍ ጠላት ላይ ሲያርፍ በዓይን እየታየ፣ በውስጥ ያለው የዕድል ስሌት ‘ስተሃል’ ይላል፤ ሮጦ የደከመ ጀማሪ ደግሞ አይጥ እንኳ መምታት ያቅተዋል። ክሊፍ ሬሰር የሚባሉት በራሪዎች መንገደኛን እረፍት ይነሳሉ። የማስታወሻ ደብተሩ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ጉዳይ በቀን ቅደም ተከተል ብቻ ስለሚዘረዝር የሁለት ሳምንት አደራን ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ትሪቢዩናል የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ነው የተሻሻለው። በኤክስቦክስ ላይ ደግሞ የማስታወሻ ቋቱ ሲሞላ፣ ጨዋታው የመጠበቂያ ምስል እያሳየ መሣሪያውን ተጫዋቹ ሳያውቅ አጥፍቶ ያስነሣው እንደነበር ሃዋርድ ከዓመታት በኋላ ገልጿል።

በጨዋታ ቤት የማይገኝ ጨዋታ

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች የ2000ዎቹ የቪዲዮ ጨዋታ ትዝታ በአብዛኛው የፕሌይስቴሽን ቤት ትዝታ ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጨዋታ ብዛት የሚከፈል ሂሳብ፣ እግር ኳስ። በዚያ ቤት ሞሮዊንድ ቦታ አልነበረውም። ለመጨረስ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ተራ የሚጠብቅ ሕፃን ከኋላ ቆሞ እያለ መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ አይቻልም።

ስለዚህ የደረሰው ኮምፒውተር ባለባቸው ጥቂት ቤቶች፣ በተገለበጠ ሲዲ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ አብዛኛውን የሚናገሩት በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም ቀላል እንግሊዝኛ አይደለም። ይህ ጸሐፊ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ ጨዋታውን ሲጀምር በአንድ ጎን መዝገበ ቃላት፣ በሌላው የሒሳብ ደብተር ይዞ ነበር፤ ዋናው እሽግ የወረቀት ካርታ ቢኖረውም የተገለበጠው ሲዲ ስላልነበረው፣ ካርታው በደብተሩ የኋላ ገጾች በእርሳስ ተሣለ። ‘ትንቢት’፣ ‘ኑፋቄ’፣ ‘ቀረጥ’ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ያወቀው ከመምህር ሳይሆን ከአሽላንደሮችና ከወደቡ ጸሐፊ ነው።

ሌሎች ያላለቀውን ይሠራሉ

ሞሮዊንድ ቤተስዳን አዳነው። በ2005 ሽያጩ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ አልፎ ነበር። በ2006 ኦብሊቪየን፣ በ2011 ስካይሪም ተከተሉ፤ የስካይሪም ሽያጭ በ2023 60 ሚሊዮን መድረሱ ተነግሯል። ማይክሮሶፍት ዜኒማክስን ለመግዛት በ2020 ያስታወቀው ዋጋ 7.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

በእነዚህ ተከታዮች መንገዱን የሚያሳየው ቀስት መጣ፤ ገጸ ባሕርያቱም በድምፅ ይናገራሉ። ሁለቱ ለውጦች የተያያዙ ናቸው። በተዋናይ ድምፅ የተቀዳ ንግግር ውድ ስለሆነ ያጥራል፤ ያጠረ ንግግር ደግሞ አቅጣጫ ለማስረዳት አይበቃም፤ ስለዚህ ቀስት ያስፈልጋል። አንድ ተጫዋች ስካይሪም ውስጥ ቀስቱን ቢያጠፋ እንኳ ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚነግረው ሰው አያገኝም። አስፈላጊ ሰዎች አይሞቱም፤ መንሳፈፍም ተሰርዟል። ይህ ጨዋታዎቹን ለብዙ ሚሊዮኖች ከፍቷል፤ ማማረር ፍትሐዊ አይደለም። የጠፋው ነገር ግን እውነተኛ ነው።

የቀረውን የያዙት ተጫዋቾች ናቸው። የኮምፒውተሩ ቅጂ ሠሪዎቹ ራሳቸው የተጠቀሙበትን ዓይነት የመገንቢያ መሣሪያ ይዞ ስለወጣ፣ ማንም ሰው ቤት ሊጨምር፣ ታሪክ ሊጽፍ ይችላል። ታምሪኤል ሪቢልት የተሰኘው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ የተጀመረው ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት በ2001 ነው። ዓላማው ቤተስዳ ደሴቷን ብቻ አሳይቶ የተወውን የሞሮዊንድ ዋና ምድር በእጅ መሥራት ነው። ከመሥራቾቹ በኋላ ሌሎች መጡ፤ ያለ ደመወዝ ዛሬም ይሠራሉ። በ2025 ናርሲስ የተባለችውን ትልቅ የንግድ ከተማ ለሕዝብ ከፍተዋል። ምድሩ ገና አላለቀም።

በ2008 የተጀመረው ኦፕንኤምደብልዩ ደግሞ የጨዋታውን ሞተር ከዜሮ እንደገና የጻፈ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ዋናውን ጨዋታ የገዛ ሰው ፋይሎቹን በዚህ ሶፍትዌር አማካይነት በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ያስኬዳል፤ ለአንድሮይድ ስልክ የተዘጋጀም አለ። ጨዋታው በ2002 ሲወጣ የጠየቀው ዝቅተኛ የማስታወሻ ቋት 128 ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በጅቡቲ ገበያ የሚሸጥ ርካሽ ስልክ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በታምሪኤል ሪቢልት አዳዲስ ከተሞች ያሉ ገጸ ባሕርያትም መንገድ ሲጠየቁ መልሳቸው እንደ ቀድሞው ነው፦ በሰሜኑ በር ውጣ፣ ወንዙን ተከተል፣ መንታ መንገዱ ላይ ያለውን ምልክት አንብብ።